የቅዳም ስዑር ጨው

ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ጎመንና ሽሮ ሲበላ ለከረመ ሰው፣ በፋሲካ ገበታ ላይ እንደገና ቅጠል ማቅረብ ድፍረት ይጠይቃል። ወይዘሮ ሀብትነሽ ይህን ድፍረት ሲደፍሩት እነሆ ሃያ ስድስት ዓመት ሞላቸው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ሰፈር፣ በበዓል ሰሞን ስለ ዶሮው የሚጠይቀው ሰው አያጣም፤ ስለ ሰላጣ ግን የሚጠይቀው እሳቸውን ብቻ ነው።

«እትዬ ሀብትነሽ፣ ቀይ ስሩን ልጬ ልቀቅለው ወይስ ሳልልጥ?» ትላለች አንዷ በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ።

«ሳትልጭ! ከላጥሽውማ ቀለሙንም ጣሙንም ለውሃው ሰጥተሽ አንች ምኑን ልትበይ?»

«ድንቹንስ አብሬ ልደባልቀው?»

«ድንቹን እሁድ ጠዋት። ዛሬ ከደባለቅሽው ሁሉም ቀይ ይሆንና የቱ ድንች የቱ ቀይ ስር እንደሆነ ጠፍቶሽ ታድሪያለሽ።»

ሰላጣን የተማሩት ደምበጫ ነው። ልጃገረድ ሳሉ ከማንኩሳ ወጥተው፣ በአዲስ አበባና በባሕር ዳር መካከል የሚመላለሱ አውቶቡሶች ለምሳ ከሚቆሙባቸው ሆቴሎች በአንዱ ወጥ ቤት ተቀጠሩ። አውቶቡስ ሲቆም ሃምሳ ስልሳ ሰው በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ሾፌሩ ገና በሩን ሳይከፍት «ሃያ ደቂቃ!» ብሎ ይጮኻል። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሽንኩርት የሚከትፍ፣ ሎሚ የሚጨምቅ እጅ የለም። ስለዚህ ለመቆየት የሚችለው ሁሉ ቀደም ብሎ ተሠርቶ ያድራል ወይም ይውላል፤ ቀይ ስሩ በሎሚ፣ ጥቅል ጎመኑ በጨው፣ አዚፋው በሰናፍጭ። ቲማቲምና ቃሪያ ብቻ አውቶቡሱ ጡሩምባውን ሲነፋ ይከተፋሉ። የወጥ ቤቱ አዛዥ ወለተ ኢየሱስ የሚባሉ ብርቱ ሴት ነበሩ። በጾም ቀን ሁሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አይቀምሱም፤ ጠዋት የሠሩትን ደግሞ ለማንም ሳያስቀምሱ ያወጣሉ። ሆኖም ጨው በዛ ብሎ የመለሰ መንገደኛ አልነበረም ይባላል። እንዴት እንደነበረ ቦታው ሲደርስ ይመጣል።

ወይዘሮ ሀብትነሽ ይህን ሁሉ ይዘው አቶ ይርሳውን አገቡ። አቶ ይርሳው ጾምን አጥብቀው የሚጾሙ፣ ሲፈስኩም አጥብቀው የሚፈስኩ ሰው ናቸው። የመጀመሪያው ፋሲካቸው ዕለት ዶሮውን፣ ቅቤውን፣ አይቡን አንድ ላይ አወረዱትና ማግስቱን ሆዳቸውን ይዘው ጤና ጣቢያ ዋሉ። በሁለተኛው ዓመትም እንዲሁ። «የሱ ፋሲካ ሁለት ቀን ነበረ፤ አንዱን ቀን ገበታ ላይ፣ አንዱን ቀን አልጋ ላይ» ይላሉ ወይዘሮ ሀብትነሽ ሲያወሩት። በሦስተኛው ዓመት ከወጡ አጠገብ ኮምጠጥ ያለ ቀይ ስር፣ ጥቅል ጎመንና አዚፋ ደረደሩ። የባላቸው ዘመዶች አዩና ሳቁ። «አሁንም ቅጠል? ጾሙ አልተፈታም እንዴ?» አሉ። ግን ከመካከላቸው አንዱ፣ ቀይ ስሩን ከሩቅ አይቶ ቁርጥ ሥጋ መስሎት ትልቅ ጉርሻ አነሣ። አፉ ውስጥ ከገባ በኋላ መትፋት ነውር ሆነበትና ዋጠ። እጁንም መልሶ ወደ ሳህኑ ሰደደ። ያን ቀን ሳህኑ ባዶውን ተመለሰ። አቶ ይርሳውም ማግስቱን በእግራቸው ዘመድ ሲጠይቁ ዋሉ።

ዘንድሮ ይህንን ታሪክ በአዲስ ጆሮ የሰማችው መስከረም ናት። መስከረም የመራዊ ልጅ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት፣ በጥር ወር የወይዘሮ ሀብትነሽን ልጅ መልካሙን ያገባች ናት። በዚህ ቤት ስትፈስክ የመጀመሪያዋ ነው። እሁድ በምሳ ሰዓት እናትና አባቷ ከመራዊ፣ የአቶ ይርሳው ወገን ደግሞ ከቡሬ ይመጣሉ። ሁለቱ ወገን ከሠርጉ ወዲህ በአንድ ገበታ ሲቀመጥ ያ ቀን የመጀመሪያው ነው። «ቤቱን እንዴት ይዛዋለች?» የሚለው ነገር በሁሉም ሆድ ውስጥ እንዳለ መስከረም ታውቃለች። ስለዚህ ወይዘሮ ሀብትነሽ ከጸሎተ ሐሙስ ማታ ጀምረው እስከ ትንሣኤ አክፍሎት ሲይዙ እሷም ያዘች።

«አንች ገና ነሽ ልጄ፣ ይቅርብሽ። ውሃ እንኳ አይቀመስም እኮ።»

«እርስዎ ከያዙ እኔም እይዛለሁ እማማ።»

«እሽ። ብትወድቂ ግን መልካሙ እኔን ነው የሚወቅሰኝ፤ ወደዚያ ግድግዳ ጠጋ ብለሽ ውደቂ» አሉና ሳቁ።

ቅዳም ስዑር ጠዋት የአቶ ይርሳው ታላቅ እህት ወይዘሮ እጅጉ ከሌሎቹ ቀድመው ከቡሬ ደረሱ። ዶሮ በብብታቸው፣ ነገር በምላሳቸው ይዘው። እሳቸውም አክፍሎት ላይ ናቸው፤ አቶ ይርሳውም እንዲሁ። መልካሙ መኪና ይዞ መንገድ ላይ ነው። እንግዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ለምልክት እንኳ ምላሱን የሚያርስ ሰው አልነበረም።

ወይዘሮ እጅጉ ገና ነጠላቸውን ሳያጥፉ መስከረም ካሮት ስትፍቅ አዩ።

«የኔ መምህርት፣ ካሮቱን ነው የምትፍቂው ወይስ እርሳስ ነው የምትቀርጭው?»

«ቀጭን ይሁን ብዬ ነው እትዬ።»

«ቀጭንስ ቀጭን ነው፤ በዚህ ዓይነት ግን ለዳግማ ትንሣኤ ይደርስልናል።»

መስከረም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም። እኒህ ሴት ቡሬ ላይ «ደመወዝተኛ ምራት ማእድ ቤት አታውቅም» ብለው ማውራታቸውን ከመልካሙ አፍ ሰምታለች።

ወይዘሮ ሀብትነሽ ማልደው ተነሥተው አራት ጥቅል ጎመን እንደ ክር አድርገው ከትፈው በትልቁ ሳፋ ሞልተውት ነበር። ከዚያም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፤ ካህናቱ ቄጠማ የሚያድሉበት ቀን ነውና። ወይዘሮ እጅጉም ተከትለዋቸው ወጡ። መስከረም ብቻዋን ቀረች። ካሮቷን ፍቃ ስትጨርስ ሳፋው ላይ ደባለቀችውና ጎመኑን አየችው። አንድም የጨው ፍሬ አይታይበትም። የጨው ጣሳው ክዳኑ እንደተገጠመ መደርደሪያው ላይ ነው። ‹ረስተውት ነው› አለች በልቧ። ‹ሲመለሱ ተሠርቶ ያገኙታል።› በእናቷ ቤት ጎመን ከትፎ ያለ ጨው ማስቀመጥ የለም። ሁለት ጊዜ በእፍኟ ዘገነች፣ በተነች፣ በሁለት እጇ አሸች፣ ሳፋውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍና ጓዳ አስገባችው። ደስ አላት። ማንም ሳይነግራት አንድ ነገር ሠርታለች።

ሁለቱ ሴቶች ቄጠማውን በራሳቸው ላይ አስረው ተመለሱ። ለመስከረምም አሰሩላት። ወይዘሮ ሀብትነሽ ቁጭ እያሉ፣ «ጎመኑን ጨውና ሎሚ አሟሙቼ አፍስሼበት ነው የወጣሁት፤ እስካሁን ለስልሶ ይሆናል» አሉ። «ጨው በደረቁ ሲበተን እዚህ ይበዛል እዚያ ያንሳል፤ በሎሚ ሲሟሟ ግን ሁሉም ጋ እኩል ይደርሳል።»

መስከረም ወደ ጓዳው በር አየች። ያን ጊዜውኑ «እኔም ጨመርኩበት» ብትል አንድ ቃል ነበረች። ግን ወይዘሮ እጅጉ ፊት ለፊቷ ተቀምጠዋል። የካሮቱን ልጣጭ መሰብሰብ ያዘች። እነሱ ወደ ዶሮው ዞሩ። ዶሮ ወጥን አክፍሎት የያዘች ሴት ሁሉ በመዓዛው ታውቀዋለች፤ ሽንኩርቱ ሲበስል፣ ቅመሙ ሲገባ አፍንጫ ይናገራል። ቀዝቃዛ ሰላጣ ግን አይሸትም። ዝም ብሎ ተሸፋፍኖ ይቀመጣል፤ ተንኮሉን የሚናገረው እሁድ፣ ሰው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ መስከረም ሰበብ ፈጥራ ጓዳ ገባች። በሩን ገርበብ አደረገች። ጨርቁን ገለጠች። ጎመኑ ከጠዋቱ በግማሽ ወርዶ፣ ከሥሩ ውሃ አቁሯል። ጣቷን ነከረች። ‹አንዲት ጠብታ። ምላሴ ጫፍ ላይ። ማን ያያል?› ጣቷ ከከንፈሯ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ቆመ። ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ ያላየ አፏ ከአሁን አሁን ደረሰልኝ ብሎ ጠበቀ። የስግደቱ ድካም ከጉልበቷ ገና አልወጣም፤ ትላንት ስንት ጊዜ ወድቃ ስንት ጊዜ እንደተነሣች አሰበች። ‹ለጎመን ብዬ?› አለች። ጣቷን በቀሚሷ ጠረገችና ወጣች። እንባዋ መጥቶ ነበር፤ ለዚያ ግን ሽንኩርቱ ሽፋን ሆናት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወይዘሮ ሀብትነሽ አንድ ያረጀ የብረት ድስት ክዳን አውጥተው አጠቡ። ጥላሸት የመሰለ፣ እንደ መስተዋት የለሰለሰ ጥቁር ክዳን ነው። በከሰል ምድጃው ላይ ገልብጠው ጣዱት።

«ደግሞ ይኼ ምንድን ነው?» አሉ ወይዘሮ እጅጉ።

«ምላሴ ነው። የዛሬ ምላሴ።»

ወለተ ኢየሱስ ደምበጫ ላይ ያስተማሯቸው ይህንን ነው። ከሰላጣው ላይ አንዲት ጠብታ ውሃ በሻይ ማንኪያ ትነሣለች፣ ጥቁሩ ክዳን ላይ ትወድቃለች፣ ቸስ ብላ ትደርቃለች። ውሃው ሲሄድ ጨው መሄጃ የለውምና ነጭ ሆኖ ይቀራል። ስስ ቀለበት ከሆነ ጨዉ ልክ ነው። ምንም ካልታየ አንሷል። መሐሉ ድረስ ከነጣ በዝቷል። ወይዘሮ ሀብትነሽ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህን ክዳን እንደ መጽሐፍ ማንበብ ለምደዋል።

«እንዲህ ከምትቸገሪ ጎረቤት ጠርተሽ አታስቀምሽም? አክፍሎት ያልያዘ ይጠፋል?»

«ጎረቤትማ ሁልጊዜ ‹ይጥማል› ነው የሚለኝ። ክዳኔ ግን ይሉኝታ አያውቅም።»

የቀይ ስሩ ጠብታ ወደቀች፤ ሐምራዊ ክብ፣ ዙሪያዋን እንደ ክር የቀጠነ ነጭ። «ደህና ነው።» የድንቹ ማጣፈጫ ሎሚና ዘይት ተከተለ። «ይኼም ደህና ነው።» ማንኪያው ወደ ጎመኑ ሳፋ ሄደ። ወይዘሮ ሀብትነሽ ጨርቁን ገለጡ። ውሃው እንደበዛ ዓይናቸው አይቷል። ማንኪያዋን ነክረው ወደ ክዳኑ ወሰዷት።

መስከረም ጠብታዋ እስክትደርቅ አልጠበቀችም።

«እማማ... ጨው ደግሜበታለሁ። ጠዋት። ያልገባበት መስሎኝ።»

ጠብታዋ ቸስ አለች። ክዳኑ ላይ፣ ከዳር እስከ መሐል፣ እንደ ጠመኔ ነጣች።

«አላልኩም?» አሉ ወይዘሮ እጅጉ እጃቸውን አጨብጭበው። «ጠመኔና ጨው አንድ መስሏት ነዋ! ነገ ይኼን ሁሉ ሰው ምን ልናበላ ነው? የጨው አሞሌ?»

መስከረም አንገቷን ደፋች። ወይዘሮ ሀብትነሽ ማንኪያዋን አስቀመጡ። ቁጣም ሳቅም ፊታቸው ላይ የለም፤ ሒሳብ የሚሠራ ሰው ፊት ነው የነበራቸው።

«ስንት ጊዜ ዘገንሽ?»

«ሁለት ጊዜ።»

«በየትኛው እጅሽ?»

«በቀኝ።»

ጣሳውን አወረዱ። «እንዳደረግሽው ዝገኚ» አሉና የመስከረምን እጅ በእጃቸው ይዘው ዘረጉት። ጨዉን ከእሷ መዳፍ ወደ ራሳቸው መዳፍ አፈሰሱት። የእሷ እፍኝ በእሳቸው መዳፍ ላይ ዳር ዳሩን ባዶ ተወው።

«ተመልከች፤ እጅሽ ትንሽ ነው። ያንች ሁለት የኔ አንድ ከግማሽ ነው።» ጨዉን ወደ ጣሳው መለሱ። «ይኼ ይድናል። ክዳኑ መብዛቱን ነግሮኝ ነበር፤ በምን ያህል እንደበዛ ግን አንች ነሽ የነገርሽኝ። ባትነግሪኝ በግምት እየዋኘሁ አመሽ ነበር።»

«ጥፋት ነው እማማ፣ ሳልጠይቅ...»

«ሳልነግርሽ የወጣሁት እኔ ነኝ። እኔ የማውቀውን ሁሉ ግድግዳው የሚያወራልሽ መስሎኝ። ይልቅ ተነሺ፣ ገበያው ሳይበተን ሁለት ጥቅል ጎመንና አምስት ሎሚ ገዝተሽ ነይ።»

መስከረም ሮጣ ወጣች። ስትመለስ ያልጠበቀችውን አየች። ወይዘሮ እጅጉ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ሳፋው ላይ ጎንበስ ብለው፣ ጎመኑን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ እያለቀለቁ በጭብጣቸው ይጨምቃሉ።

«ምን ታይኛለሽ?» አሏት። «አሞሌ ከመብላት ጎመን መጭመቅ ይሻላል ብዬ ነው። ይልቅ ያንን ክተፊ፤ ካሮቱን እንዳደረግሽው ቀጭን ይሁን።»

ሦስቱ ሴቶች፣ ቄጠማ በራሳቸው፣ ከንፈራቸው በጥም የደረቀ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከተፉ፣ ጨመቁ፣ ደባለቁ። በመካከሉ ወይዘሮ እጅጉ አንድ ነገር አወሩ፤ በሙሽርነታቸው ዘመን አማታቸው ፊት ደንግጠው በጠላ ጥንስሱ ላይ ጌሾ ሁለት ጊዜ መጨመራቸውን። «ማንም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልተናገርኩ። ጠላውን የጠጣ ሁሉ ፊቱን ሲያኮማትር ዋለ። አማቴ እስኪሞቱ ድረስ ‹ያ ዓመት ጌሾው ክፉ ነበር› ሲሉ ኖሩ።» መስከረም የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች። ‹ለምን አልተናገሩም?› ብላ አልጠየቀችም። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እሷም አልተናገረችምና መልሱን ታውቀዋለች።

ሁለተኛዋን ጠብታ ክዳኑ ላይ የጣለችው ራሷ መስከረም ናት። ቸስ አለች፣ ደረቀች። ለመታየት ያህል ብቻ የሆነ ደብዛዛ፣ የተቆራረጠ ቀለበት ቀረ።

«አነሰ እንዴ?» አለች መስከረም ተጠግታ።

ወይዘሮ ሀብትነሽ ዓይናቸውን አጥበው አዩት። «ሳይሆን አይቀርም። ተይው፤ ማነሱ ገበታ ላይ ይታረማል።»

እሁድ በምሳ ሰዓት ቤቱ ሞላ። የመስከረም እናትና አባት ከመራዊ፣ የአቶ ይርሳው ወንድሞች ከቡሬ፣ ሌሊቱን የገባው መልካሙም ከነድካሙ። ዶሮው ቀረበ፣ አይቡ ቀረበ፤ ከጎኑ ቀይ ስሩ፣ ድንቹ፣ አዚፋው፣ ጥቅል ጎመኑ። መስከረም ቆማ ታስተናግዳለች፤ ዓይኗ ግን ከጎመኑ ሳህን አልተነሣም። ወይዘሮ እጅጉ እናቷ አጠገብ ተቀምጠዋል። አንዲት ቃል ብትወጣቸው፣ የቅዳሜው ነገር ሁሉ በአንድ ጉርሻ መካከል መራዊ ይደርሳል።

አቶ ይርሳው እንደ ልማዳቸው ከዶሮው በኋላ ጎመኑን ጎረሱ። አኘኩ። ቆም አሉ። ደግመው ጎረሱ።

«ሀብትነሽ» አሉ፣ «ዘንድሮ ምን ነካሽ? ጎመኑ ላይ ጨው አነሰ እኮ።»

መስከረም ወደ ወይዘሮ እጅጉ ዞረች። ወይዘሮ እጅጉ አፋቸውን ከፈቱ። የመስከረምን ፊት አዩ። ከዚያ ጉርሻቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው፣ አላምጠው፣ ዋጡና ወደ ወንድማቸው ዞሩ።

«አንተ ደግሞ! ሁለት ወር ምላስህ ተኝቶ ከርሞ ዛሬ ጨው ይመዝናል? እኔን ጥሞኛል፤ ወዲህ አቅርበው!»

ሰው ሳቀ። ወይዘሮ ሀብትነሽም ሳቁ፤ ግን የባላቸውን ቃል አልጣሉትም። ከጎመኑ ትንሽ ቀመሱና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነቱን ነው፤ አንሷል» አሉ። ተነሥተው የጨው ጣሳውን ከመደርደሪያው አወረዱና፣ ሁለቱ ወገን እያየ፣ ለመስከረም ሰጧት።

«በእጅሽ ጨምሪበት ልጄ። ልኩን ታውቂዋለሽ።»

መስከረም ጣሳውን ከፈተች። እናቷ ጉርሻዋን ይዛ ታያታለች። በሦስት ጣቷ ቆንጠር አድርጋ አነሣች፣ ከሳህኑ ጠርዝ ላይ ካለው ሎሚ ግማሹን መዳፏ ውስጥ ጨመቀችበት፣ ጨዉ እስኪሟሟ በጣቷ አማሰለችና ጎመኑ ላይ አዙራ አንጠባጠበችው። ደባለቀች። አንድ ጉርሻ ጠቅልላ መጀመሪያ ያቀረበችው ለወይዘሮ እጅጉ ነው።

ወይዘሮ እጅጉ ጎረሱ። ሁሉም አፋቸውን ይመለከታል።

«እህ» አሉ፣ አኝከው ሳይጨርሱ እጃቸውን ለሁለተኛ እየዘረጉ። «መምህርት፣ ቡሬም የምትመጭ ጊዜ ያንን ክዳን ይዘሽልኝ ነይ።»